ከእዮብ ጣት እስከ አስቴር ዓይን

ባለፈው ሳምንት ሐዋሳ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቴ አንድ ዓይነ ስውር ወጣት ቆሞ ነበር። ነጭ በትሩን በብብቱ ይዞ ስልኩን በአውራ ጣቱ ዳሰስ ዳሰስ ያደርጋል። ስልኩ በጆሮው የሚያነብለትን ይሰማና ብቻውን ፈገግ ይላል፤ መልሶ ደግሞ ይጽፋል። የሚጻጻፈው ከማን ጋር እንደሆነ እንጃ፤ ፈገግታው ግን የወዳጅነት ብቻ አይመስልም ነበር። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እሱ እዚያው ቀረ። ከኋላዬ ያለው ሰው "ወንድም፣ ኧረ ቀጥል!" ሲለው ደንግጦ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ሀሳቤ ግን ሐዋሳን ጥሎ ሄዷል። ጂንካ ገብቼ፣ ከቲቸር እዮብ ጎን ተቀምጫለሁ።

ጂንካ የተመደብኩት ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ ሰሞን ነው። ለደብረ ብርሃን ልጅ፣ በብርድ ተኮራምታ ላደገች፣ ከተማው እንደ ስጦታ ነበር። ማንጎው ከዛፉ ሥር ወድቆ የሚያነሳው ያጣል። ዝናብ ሲያባራ ተራራው ሁሉ ቅጠል ቅጠል ይሸታል። በከተማው መሀል የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ አለ፤ በሌላው ቀን ላም ይግጥበታል፣ ኳስ ይጠለዝበታል፤ አውሮፕላን የሚመጣ ቀን ላሙም ኳሱም ይባረራል። የተከራየኋት ቤት ባለቤት በየማለዳው የተቀቀለ ጎደሬ በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ታቀርብልኛለች። መጀመሪያ ጎደሬው ጉሮሮዬ ላይ ይቆም ነበር፤ በኋላ ግን ዳጣው ሲያልቅ የምቆጣው እኔ ሆንኩ።

የማስተምረው ኮምፒውተር ነው። እዮብ በዚያው ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራል። የአሪ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ በሕፃንነቱ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ከአገሩ ርቆ በአዳሪ ትምህርት ቤት ብሬል ተምሮ፣ ዲግሪውን ይዞ የተመለሰ። ተጨዋች ነው፤ ትንሽም ጉረኛ ነው። ሸሚዙ ሳይተኮስ ከቤት አይወጣም። "እኔ ባላየውም እናንተ ታዩታላችሁ፤ ለእናንተ ስል ነው የምለብሰው" ይለናል።

አንድ ቀን ከሰዓት ኮምፒውተር ክፍል በር ላይ በበትሩ አንኳኳ።

"ቲቸር ሰብለ፣ መጋዘን ውስጥ አንድ ማሽን አለ። ታውቂዋለሽ?"

አላውቀውም ነበር። አብረን ሄደን አቧራውን አራገፍን። ከውጭ በእርዳታ የመጣ የብሬል ማሽን ነው። ስድስት ቁልፍና አንድ ክፍት ቦታ መምቻ አለው። ከፊት ለፊቱ ደግሞ ከጥቃቅን ቀዳዳዎች እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ነጥቦች ወጣ ገባ የሚሉበት ረድፍ አለ። በቁልፎቹ ይጻፋል፣ በነጥቦቹ ይነበባል። አብሮት የመጣው ፕሮግራም ግን አማርኛ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም፤ ከእኛም ኮምፒውተር ጋር አይስማማም። እዚያው መጋዘን የቀረው ለዚህ ነው።

"ምን ልትጽፍበት ነው?" አልኩት።

 ቀይ አፈር በምትባለው ከተማ ስለምትኖረው ስለ አስቴር ነገረኝ።

አስቴር ልብስ ሰፊ ናት። በልጅነቷ ማጅራት ገትር ይዟት ዳነች፤ መስማት ግን አልተመለሰላትም፣ አትናገርምም። መስማት የተሳናቸው በሚማሩበት ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለተማረች ማንበብና መጻፍ ታውቃለች። እዮብ ኮት ሊያሰፋ ሱቋ ሄዶ ክንዱን ስትለካው ኮረኮረችውና ዘለለ። እሷ ሳቀች።

"ሳቋን እሷ ራሷ ሰምታው አታውቅም" አለኝ። "እኔ ግን ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ኮት የሚያስፈልገኝ ሰው ሆንኩ።"

ችግሩ እንዴት ይነጋገሩ? እሱ ቢናገር እሷ አትሰማም፤ እሷ ብትጽፍ ወይም በእጇ ብታሳይ እሱ አያይም። በመዳፉ ላይ ፊደል በጣቷ እየሳለች ሞክረው ነበር፤ የዓይን ፊደል ተምሮ ስለማያውቅ "ለ"ና "ሰ" እየተምታቱበት ነገሩ በሳቅ አለቀ። ስለዚህ ሁልጊዜ መሀላቸው የሚቀመጠው ወንድሟ ማርቆስ ነው። በእጅ ምልክት የሚያነጋግራት እሱ ነው። መልካም ሰው ነው፤ ግን ያሳጥራል። አስቴር እጇን ለረጅም ጊዜ ስታወዛውዝ ነፋሱ ለእዮብ ይሰማዋል፤ ማርቆስ ግን "ደህና ነኝ ብላለች" ብሎ ይጨርሰዋል።

በመጨረሻ እዮብ በማርቆስ በኩል ታገባው እንደሆነ ጠየቃት። ማርቆስ በእጁ ተናገረ፤ እሷም መለሰች። "አሁን አይሆንም ብላለች" አለው።

"አላመንኩትም" አለኝ እዮብ። "ሐሰተኛ ነው ማለቴ አይደለም። ግን እኔ ብዙ ተናግሬ ነበር፤ የእሱ እጅ ቶሎ አረፈ።"

"እኔ ቀይ አፈር ሄጄ በወረቀት ልጠይቃት?"

"አንቺም ሦስተኛ ሰው ነሽ" አለኝ፣ ሳይቆጣ።

እንዲህ ነው የገባሁበት። በእጄ ያለው ከዩኒቨርሲቲ የተረፈ አንድ ወፍራም መጽሐፍና ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ሲዲ ነበር። የኮምፒውተሩ ውስጠኛ ፕሮግራም ከርነል ይባላል፤ ከየመሣሪያው ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። መሣሪያዎቹን በሁለት ይለያቸዋል። እንደ ዲስክ ያሉት የያዙትን በጥቅል በጥቅል ያቀብላሉ፤ ወደፈለጉት ቦታ ተመልሶ ማንበብ ይቻላል። እንደ ኪቦርድ ያሉት ግን ፊደል በፊደል ያንጠባጥባሉ፤ ያለፈው አይመለስም። እነዚህን ካራክተር ዲቫይስ ይሏቸዋል። የእዮብ ማሽን ከዚህ ወገን ነው። የሚከፍተው፣ የሚያነብለት፣ የሚጽፍለትና የሚዘጋው ትንሽ ፕሮግራም ከርነሉ ውስጥ ማስገባት ነበረብኝ። ሌላ ፕሮግራም ቢሳሳት ብቻውን ይወድቃል፤ ከርነል ውስጥ የሚሳሳት ግን ማሽኑን ሁሉ ይዞ ነው የሚወድቀው።

ብዙ ጊዜ ወደቅን። ስክሪኑ ቀጥ ሲል እዮብ ከትንፋሼ ያውቃል።

"ሞተች?"

"ሞተች።"

"እንግዲህ ትንሣኤዋን እንጠብቃ" ይልና ከኪሱ ሙዝ አውጥቶ ይገምስልኛል።

ነጥቦቹ ከማሽኑ ወደ ኮምፒውተሩ መምጣት ሲጀምሩ ደግሞ የአማርኛው ጣጣ መጣ። በብሬል ተነባቢው ለብቻው፣ አናባቢው ለብቻው ነው የሚመታው። "ሰ"ን ለመጻፍ መጀመሪያ "ስ" ይመታል፤ የአናባቢዋ ምልክት ትከተላለች። ሳድሱ ግን ያለ ተከታይ ብቻውን ይቆማል። የእኔ ፕሮግራም የመጣውን ሁሉ ወዲያው ይተፋዋል። እዮብ "ሰላም" ብሎ መታ፤ እኔ ስክሪኑ ላይ ያለውን አነበብኩለት፤ "ስኧልኣም።"

"እንዲህ ያለ ሰላም ማንንም አያስታርቅም" አለ።

ስለዚህ ተነባቢው ሲመጣ ይዞ የሚቆይ፣ የሚከተለውን አይቶ የሚወስን አደረግኩት። "ሰላ" ድረስ አማረ። "ም" ግን የለችም። ፕሮግራሙ ተከታይ ትመጣለች ብሎ ይዟት ቀርቷል። ስሙን ሲጽፍ "እዮ" ብሎ ይቆማል።

"'ብ'ዬን ማን ወሰዳት?"

"ከርነሉ ይዟታል።"

"ክፍት ቦታ ስመታ እኮ ቃሉ አለቀ ማለቴ ነው። ንገሪው።"

ነገርኩት። ክፍት ቦታ ወይም የመስመር መጨረሻ ሲመጣ የያዘውን እንዲለቅ አደረግኩ። በማግሥቱ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እዮብ አንድ መስመር ሙሉ ጻፈ፤ እኔም አንድም ሳይጎድል አነበብኩት። "ሰብለ ዳጣ ትወዳለች" ይላል። ከወንበሬ ተነስቼ ጨፈርኩ፤ እሱም በበትሩ ወለሉን እየመታ አጀበኝ። የመልሱ መንገድ፣ በኪቦርድ የተጻፈውን ወደ ነጥብ መለወጡ፣ ከዚያ በኋላ ቀለለኝ። በኪቦርዱ ቁልፎች ላይ ፊደል የተጻፈበት ወረቀት ለጠፍኩ።

ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ነው። በጭነት መኪና ጋቢና ሄድኩ። የበና፣ የሐመርና የፀማይ ሰው፣ ማር የሚሸጠው፣ ፍየል የሚጎትተው ተቀላቅሎ መንገዱን ሞልቶታል። ወደ አስቴር ሱቅ የስፌት መኪናዋ ድምፅ መራኝ። ረጅም ናት፣ ዓይኗ አያርፍም። ወረቀት አውጥቼ "የእዮብ የሥራ ባልደረባ ነኝ። ቅዳሜ ጂንካ ነይ፤ የማሳይሽ ማሽን አለ" ብዬ ጻፍኩ። አነበበችና ከሥር "ምን የሚሰፋ?" ብላ ጻፈች። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ማርቆስ ከበሩ ላይ በጥርጣሬ ያየናል።

ቅዳሜ ሁለቱም መጡ። ወሬው ቀድሞ ስለተሰማ የአስተማሪው ግማሽ መስኮቱ ላይ ተደርድሯል። ስክሪኑን ከአስቴር በቀር ማንም እንዳያየው አዞርኩት፤ እኔም በሩ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ፕሮግራሙን ጽፌዋለሁ፤ ያንን ቀን ግን የማንበብ መብት አልነበረኝም። ማርቆስ እጁን አጣምሮ ግድግዳ ተደገፈ። የእኔ ፍርሃት ከርነሉ እንዳይሞት ነበር፤ መብራቱም በናፍጣ ሞተር ስለሆነ አይታመንም።

የእዮብ ቁልፎች ተንቋቁ። አስቴር "ኧ!" አለች፤ ከልቧ የወጣ ድምፅ። ከዚያ ኪቦርዱን ይዛ በሁለት ጣቷ እየፈለገች መታች፤ ነጥቦቹ ጢር ጢር እያሉ ተነሱ። እዮብ በጣቱ አነበበ። እንደገና እሱ፣ እንደገና እሷ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የቁልፍ ድምፅ ብቻ ሆነ። በድንገት እዮብ ቀና አለ።

"ማርቆስ! ያን ቀን ምን ብለህ ነው የጠየቅካት?"

ማርቆስ ያጣመረውን እጁን ፈታ። "ሱቅሽን ዘግተሽ ጂንካ ትሄጃለሽ ወይ አልኳት።"

"ስለ ጋብቻስ?"

"ፈራሁ እንግዲህ!" አለ ማርቆስ። "እህቴ ናት፤ አንተንም እወድሃለሁ። ግን አንተ አታይ፣ እሷ አትሰማ። ቤት ውስጥ እሳት ቢነሳ ማን ለማን ይነግራል?"

"ጭሱን እኔ አሸታለሁ" አለ እዮብ። "እሳቱን እሷ ታያለች።"

መስኮቱ ላይ ያሉት በአንድ ድምፅ ሳቁ። ማርቆስም ሳይወድ ሳቀ። አስቴር የተባለውን ባትሰማም የወንድሟን ፊት አይታ ብዙ ነገር ገባት፤ ጣቷን አንስታ ዛተችበት።

እዮብ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። አሁን ቀስ ብሎ ነው የሚመታው። አጭር ነበር። ክፍት ቦታውን መታ፤ የመስመር መጨረሻውን መታ። እጁንም ነጥቦቹ ላይ አሳርፎ ጠበቀ። አስቴር አነበበች። እጇ ወደ ኪቦርዱ ሲዘረጋ መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ።

"ወይኔ!" ያልኩት እኔ ነኝ። ዞር አልኩ። ስክሪኑ ጨለማ ነው፤ የእዮብ ጣቶች ምንም በማይል ረድፍ ላይ ተዘርግተዋል።

"ሰብለ፣ ሞተች?" አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

ሳልመልስለት አስቴር ከወንበሯ ተነሳች። እጁን ከማሽኑ ላይ አነሳችና በሁለት እጇ ይዛ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ከዚያ ራሷን ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ደጋግማ ነቀነቀች።  የእዮብ ፊት ሁሉ ተከፈተ። የተባለው ገባው። መስኮቱ ላይ እልልታው ቀለጠ። ማርቆስ እያለቀሰ ሁለቱንም አቀፋቸው።

ሠርጋቸው በጥር ሆነ። ሽማግሌ ሲላክ የተቀበለው ማርቆስ ነው፤ ያን ቀን ንግግሩን አላሳጠረም። ከመዘምራኑ መዝሙር በኋላ የበላነው የፍየል ጥብስና ቆጮ፣ ቀይ አፈር ድረስ ተሂዶ የመጣው ነጭ ማር፣ አሁንም ምላሴ ላይ አለ።

እኔ ከጂንካ ከወጣሁ ብዙ ዘመን ሆነ። ባለፈው ዓመት ግን ለሥራ ሄጄ ቤታቸው ምሳ በላሁ። ያ ማሽን ተበላሽቶ ተጥሏል፤ የጻፍኩትም ፕሮግራም ዛሬ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ አይሠራም። አሁን በስልክ ነው የሚነጋገሩት። ስገባ ተኳርፈው ነበር፤ እዮብ "ስትናደድ በጣም ታስረዝመዋለች፤ ስልኩ አንብቦ አይጨርስልኝም" ብሎ ከሰሳት። እሷም የእሱን ፊት አይታ ስለ እሷ እንደሚያወራ አውቃ ሌላ ረጅም ነገር መጻፍ ጀመረች። ልጆቻቸው ጎረምሳ ሆነው በእጅም በአፍም ያስተረጉሙልኛል፤ እነሱም አያሳጥሩም።

ከዚያ ወዲህ በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚገለገልባቸው ሥራዎች ላይ ሠርቻለሁ፤ ደመወዝም ምስክር ወረቀትም አግኝቼባቸዋለሁ። ሰዎች ከሠራሽው ሁሉ የቱን ትወጃለሽ ሲሉኝ ግን ሁለት ሰው ብቻ የተጠቀመበትን፣ እኔም የተጻፈበትን ያላነበብኩትን ያን ትንሽ ፕሮግራም እላለሁ። ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሲጣሉ እንኳ ማንንም መሀል ሳያስገቡ የሚጣሉ ባልና ሚስት ቤት እነሱ ምሳ በልተው አያውቁም።