የውብነሽ ባዶ ጄሪካን

ውብነሽ በሰው አገር፣ አርሂባ በሚባል ሰፈር ሻይ መሸጥ ከጀመረች አሥራ ሰባት ዓመት ሞላት። እኛ ደንበኞቿ የምናከብርላት አንድ ሕግ አላት፦ በእሷ በረንዳ የሚሰደበው ድንበር ማዶ ያለው መንግሥት ብቻ ነው። የአገሬው ልጅ ሙሐመድኑር ቤቱ ውሃ ሲጠፋ የሐረርን ቧንቧ ይረግማል። ሐረርን ረግጦ አያውቅም። እኛም ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶን፣ ጫታችንን እያላመጥን «እውነትህን ነው» እንለዋለን። ጀግኖች ነን።

ባለፈው ሰኔ ሰፈሩ ውሃ ካየ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ለውብነሽ ያለ ውሃ ሻይ የለም፤ ያለ ሻይ እንጀራ የለም። አንድ ጠዋት ሴቶች ባዶ ጄሪካን ይዘው ወደ ዋናው መንገድ ሲተሙ አየች። የውሃ ቦቴ የመጣ መሰላት። ቢጫ ጄሪካኗን አንጠልጥላ፣ ወረፋ እንዳያመልጣት ሁሉንም ቀድማ ከፊት ገባች። ሴቶቹ ጄሪካናቸውን በመዳፋቸው መደብደብ ሲጀምሩ፣ የተኛውን የቦቴ ሾፌር መቀስቀሻ መስሏት እሷም ደበደበች። እንዲያውም ከሁሉም አስበልጣ።

ከዚያ ፖሊስ መጣ። እኛ ወንዶቹ ጫታችንን አቅፈን ወደየቤታችን ገባን።

ውብነሽ ተይዛ ጣቢያ ስትደርስ፣ ድሬዳዋ በማደጉ አማርኛ የሚያቀላጥፍ መኮንን ጠየቃት።

«አንቺ የሰው አገር ሰው፣ ተቃውሞ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገሽ?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ውሃ ልቀዳ ነው የወጣሁት!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት።»

«ታዲያ ሁላችንም ውሃ የለንማ!»

መኮንኑ አልሳቀም። የመኖሪያ ፈቃዷን አገላብጦ አየና፣ ዳግመኛ ጄሪካን ይዛ ሴቶች በተሰበሰቡበት ብትገኝ ከናጋድ ባቡር ጣቢያ ወደ አገሯ እንደምትሸኝ የሚገልጽ ወረቀት አስፈረማት።

በማግስቱ እውነተኛው ቦቴ መጣ። ሴቶቹ ጄሪካን ይዘው ተሰበሰቡ። ያ መኮንን ደግሞ ጥላ ሥር ቆሟል። ውብነሽ ከመንገዱ ማዶ ጄሪካኗን ታቅፋ ታያለች። ፈርታለች፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ኑሮ ለአንድ ጄሪካን ውሃ ሊሄድ ነው።

እኔ ጀግናው «ተይ፣ ይቅርብሽ» አልኳት።

«አንተ እዚያው የሐረርን ቧንቧ ስደብ» አለችኝና ተሻገረች።

ከመጨረሻ ልትቆም ነበር። ሴቶቹ እጇን ይዘው መሃል አስገቧት፤ ረጃጅሞቹም መኮንኑ ባለበት በኩል ከልለዋት ቆሙ።