በሩ ክፍት አልነበረም

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተንፍሼው አላውቅም። ለእናንተ ልናገር፤ ፊቴን አታዩትምና።

መርሳ ከተማ ያለው ጋራዣችን በር ክፍት አልነበረም። ከውጭ የቀረቀርኩት እኔ ነኝ። እኔ!

ሰይድና እኔ መኪና ቀቢዎች ነበርን፤ እኔ አለቃ ልባል እንጂ እጁ የተባረከው እሱ ነው። የቀለም ማቅጠኛው የቲነሩ ሽታ ራሳችንን ሲያዞረን ወተት እንጠጣለን። "ወተት መርዙን ያጥባል" እየተባልን ነው ሥራውን የተማርነው። አፍ መሸፈኛማ ከየት መጥቶ? ሰይድ አሮጌ ሽርጥ ቀዶ አፉ ላይ ያስራል፣ አለቀ።

ረመዳን ነበር። አንድ ከግራና ከተማ የመጣ ሰው ሚኒባሱን ቀብተህ ለነገ ገበያ አድርስልኝ ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። ሰይድ እየጾመ ውስጥ ገብቶ ቀለም ይረጫል። የከሰዓቱ ነፋስ ደግሞ የላሜራውን በር እየበረገደ የመንገዱን አቧራ እርጥቡ ቀለም ላይ ይነሰንሰዋል። ክፍሉ መስኮት እንደሌለው አውቃለሁ። እያወቅሁ ቀረቀርኩት።

ለመግሪብ ሶላት ጥቂት ሲቀረው ሰይድ ከውስጥ አንኳኳ።

"ካሳ፣ ክፈትልኝማ፣ ራሴን አዞረኝ!"

ሰማሁት። አልሰማሁም ብዬ ደግሞ እንዳልዋሽ፣ በደንብ ነው የሰማሁት። "ተሳቢ እያለፈ ነው፣ አቧራው ይለፍና!" አልኩት። አሁንም አንኳኳ፤ ቀስ ብሎ። ከዚያ ዝም አለ። ያ ዝምታ እንዴት አላስደነገጠኝም? ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አዛን ሲል የሚያፈጥርበትን ተምርና ውሃ ይዤለት ሄጄ ከፈትኩ። በሩን ተደግፎ ኖሮ እግሬ ላይ ተዘረረ። የጌታ ያለህ! ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ዓይኑ ተገልብጧል። ተምሩ ከእጄ የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከጎረቤት ጋር ተረዳድተን ወልድያ ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሙ "የሚሠራበት ክፍል በር ክፍት ነበር?" ሲለኝ "ክፍት ነበር" አልኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም። ለእናቱ ለእማማ ዘሃራማ የባሰውን ነገርኳቸው፤ "ጾሙ ነው እማማ፣ ወተቱ ስለቀረበት ነው።" በሰው ጾም ላይ አላከክሁ! ያውም እኔ፣ የማልጾመው!

ሰይድ ተረፈ፣ መትረፍ ከተባለ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ስሜ ይጠፋዋል። ረመዳን ሲገባ እናቱ እያለቀሱ ጾም ይከለክሉታል። ሰው ሲያፈጥር እሱ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፤ አላህ ጾሜን አልቀበል ብሎኝ ነው ይላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? የኔው እያደር ጨለመ።

ባለፈው ልጠይቀው ሄድኩ። እማማ ዘሃራ ወተት በኩባያ ሞልተው አመጡልኝ።

"ጠጣ የኔ ልጅ፣ አንተም እዚያው መርዝ ውስጥ ነህ። ልጄን እንዲህ ያደረገው ይቺን ማጣቱ ነው።"

ሰይድ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ያየኛል። ጨልጬ ጠጣሁት። ጠጥቼም "አላህ ይስጥልኝ" ብዬ ወጣሁ።

ይቅርታ የምጠይቀው እናንተን አይደለም። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ፤ የምላቸውንም ይኸው እዚህ ተለማምጄዋለሁ። እማማ፣ ወተት ምንም አያጥብም። ጾሙም አይደለም። ልጅዎ ክፈትልኝ እያለኝ፣ በሩን ቀርቅሬበት ነው።