የሳቢና ሦስት ቅርጫት

ሳቢና ኮንዶሪ ጉዞዋን ያቀደችው ለእያንዳንዱ ከተማ አንድ የተቀቀለ ድንች እያስቀመጠች ነበር። በኤል አልቶ ገበያ ዕድሜዋን ሙሉ ድንች ስትሸጥ ስለኖረች ከወረቀት ይልቅ ድንች ይታዘዝላታል። አንዱን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖረችና «ይቺ ኦሩሮ ናት» አለች። ትልቁን ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው። «ይሄ ፖቶሲ። ያቺ ትንሿ ሱክሬ።»

ባሏ ፍሎሬንሲዮ ጨው ይዞ ከፊቷ ተቀምጧል።

ልጃቸው ዳይሲ ልትዳር ነው። በአገሩ ደግሞ ሠርግን ብቻውን የሚደግስ ወላጅ የለም፤ ለኬኩም፣ ለቢራውም፣ ለሙዚቃውም ለየብቻ አበልጅ ይለመናል። ልመናው በቅርጫት ነው። ዳቦ፣ ፍራፍሬና ቢራ ይሞላል፤ ቅርጫቱን የተቀበለ ሰው ከዚያ ወዲያ እምቢ ማለት አይችልም። ሳቢናን የጨነቃት ሙዚቃው ነው። እሷ ስትዳር የተጨፈረው በአጎቷ ሬዲዮ ነበር፤ ባትሪው ያለቀው ደግሞ ሙሽሮቹ ለጭፈራ ገና ብድግ ሲሉ ነው። ሰዉ በጭብጨባ አስጨረሳቸው። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «የጭብጨባዋ ሙሽራ» ይላታል። ለዳይሲ ኦርኬስትራ ካልቆመላት ስሙ ለልጅ ሊተላለፍ ነው። ለዚያ አቅም ያላቸው ደግሞ የፖቶሲው ባለ ከባድ መኪና፣ ዶን ማካሪዮ ናቸው።

ዶን ማካሪዮ ኩሩ ናቸው። ከእሳቸው ቀድሞ ሌላ ሰው መለመኑን ከሰሙ ቅርጫቱን በእጃቸው አይነኩትም። አውቶቡሱ ግን ቀድሞ የሚደርሰው ኦሩሮ ነው፤ ኦሩሮ ደግሞ ለኬኩ የታሰበችው አበልጇ ቴኦዶራ አለች።

«ስለዚህ ኦሩሮን ተከናንቤ አልፋታለሁ» አለች ሳቢና። «ፖቶሲ ዶን ማካሪዮን እለምናለሁ። ሱክሬ ወርጄ ወዳጃችንን ኔሊን ለቢራው አናግራለሁ። ቴኦዶራ ጋ ስመለስ እገባለሁ።»

«ብታይሽስ?»

«የት አግኝታኝ?» ወደ ጠረጴዛው ዞር ስትል አንድ ድንች ጎድሏል። «ፍሎሬንሲዮ፣ ኦሩሮ የት ሄደች?»

«አልፋታለሁ አላልሽም?» አለ እያላመጠ።

በማግስቱ አውቶቡሱ ኦሩሮ ሲደርስ ሳቢና በሩቅ የሚያስታውቃትን ባርኔጣ አውልቃ ብርድ ልብሷ ውስጥ ገባች። ከተማው አለፈ። ቀና ብላ በረጅሙ ተነፈሰች። ወዲያው አውቶቡሱ ቆመ፤ ማዕድን ቆፋሪዎች መንገዱን በድንጋይ ዘግተውታል። ማንም አልተቆጣም። ተሳፋሪው ማዶ ሌላ አውቶቡስ ሊፈልግ ጓዙን ይዞ በእግሩ ተነሣ። ሳቢናም ሁለቱን ቅርጫት አዝላ፣ የዶን ማካሪዮን ትልቁን አንጠልጥላ ወረደች። ባርኔጣዋን ወንበሩ ላይ ረስታዋለች።

የረሳችው ሌላም ነገር ነበር። መንገድ ሲዘጋ ቴኦዶራ ቤቷ አትቀመጥም፤ ድስቷን ይዛ ወደተዘጋበት ሄዳ ሾርባ ትሸጣለች።

«ነይ እንጂ አበልጄ» አለ ከእንፋሎቱ ጀርባ የመጣ ድምፅ። «ምነው ራስሽን ገልጠሽ፣ ከእብድ ቤት አመለጥሽ እንዴ?»

ከቴኦዶራ ጎን አንድ ሽማግሌ ሳህን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ዶን ማካሪዮ ነበሩ። መኪናቸው ታግዶባቸው ከትናንት ጀምሮ የቴኦዶራን ሾርባ ሲጠጡ ነው የዋሉት።

ሁለቱም ሳቢና ያንጠለጠለችውን ቅርጫት አዩት።

«የእኔ ነው?» አለች ቴኦዶራ እጇን በሽርጧ እየጠረገች።

ዶን ማካሪዮ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ወይስ የእኔ? ለማወቅ ያህል ነው። ሁለተኛ ከሆንኩ ሾርባዬን ልጨርስ።»

ያ የድሮው ጭብጨባ ሳቢና ጆሮ ላይ መጣ። ቅርጫቱን ከሁለቱ መካከል መሬት ላይ አኖረች፤ አንድ ቢራ መዝዛ በጥርሷ ከፈተችና አንጠፍጥፋ አፈሩ ላይ አፈሰሰችው።

«እናታችን ምድር፣ ልጄን ልድር ነው። ከሰው በፊት አንቺን ለመንኩ።»

ዶን ማካሪዮ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ምድርን ልቅደም የሚል ሰው በዚያ አገር የለም። «ከእሷ ቀጥሎ መሆንስ አያሳፍርም» አሉና ትልቁን ቅርጫት ወደ ራሳቸው ሳቡት። ሳቢና ቶሎ ብላ ሌላውን ከጀርባዋ አውርዳ ለቴኦዶራ ሰጠቻት።

«ኦርኬስትራው የእኔ ነው» አሉ ዶን ማካሪዮ።

«ለምን ሲባል?» አለች ቴኦዶራ። «እኛስ ኦሩሮ ምን አነሰን? ኦርኬስትራ እኔም አመጣለሁ።»

«አምጪያ። የፖቶሲው ሲጀምር ያንቺዎቹ ጥሩንባቸውን ሸጠው ይመለሳሉ።»

«የእኛ ሲነፋ እርስዎ ጆሮዎን ይዘው ካልወጡ እኔ ቴኦዶራ አይደለሁም።»

«ኬኩስ?» አለች ሳቢና በቀስታ። የሰማት የለም።

ስልኳ ጠራ። ፍሎሬንሲዮ ነው። «ኦርኬስትራ ተገኘ?»

«ሁለት።»

«ሁለት? ኬክስ?»

«ኬክ የለም። ለኔሊ ቢራውን ትቼ ኬኩን እነግራታለሁ።» ጀርባዋ ላይ የቀረውን ቅርጫት አስተካከለች። «ሱክሬን እንዳትበላት፤ ገና እፈልጋታለሁ።»

«ለቁርስ ሆናለች» አለ ፍሎሬንሲዮ።