ልጄን ሳትወለድ የመታት ስትሮክ

ልጄ ስድስት ወር ሲሞላት ሁሉን ነገር በግራ እጇ ብቻ መያዝ ጀመረች። ቀኟን ጨብጣ ደረቷ ላይ ትለጥፈዋለች። ባለቤቴ «ግራኝ ናት» አለ። ሐዋሳ ፒያሳ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ደግሞ «ከአሁኑ ቆጣቢ ናት፤ አንዱን እጇን ለክፉ ቀን አስቀምጣው ነው» ብለው አሳቁን።

እኔ ግን አላስችል ሲለኝ ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ አማቴም አብረውኝ ሄዱ። ጭንቅላቷ በኤምአርአይ ታየ። ሐኪሟ ረጋ ብላ፣ «ማህፀን ውስጥ ሳለች ስትሮክ መትቷታል» አለችን።

አማቴ ተቆጡ።

«ስትሮክ? የኔ ልጅ፣ ስትሮክ የሚይዘው እንደኔ ያረጀውን፣ ጨው የሚያበዛውን ነው። እሷ እዚያ ውስጥ ምን አበሳጭቷት?»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስረዳችን። አንዳንዴ በእርግዝና ጊዜ የሚይዝ ቫይረስ፣ አንዳንዴም ደም ቶሎ የመርጋት ችግር ሊያመጣው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ጭራሽ አይታወቅም። እኔ ወዲያው እርጉዝ ሳለሁ ያንቀጠቀጠኝ ትኩሳት ትዝ አለኝ።

«እኔ ነኝ የጎዳኋት?»

«ቫይረሱን ፈልገሽ አላመጣሽው። ጥፋት የለብሽም» አለችኝ። እንባዬ መጣ።

አማቴ ወደ ደሙ ጉዳይ ተሻገሩ። «በኛ ዘር ደም የረጋበት የለም፤ ደማችን እንደ ምንጭ ውሃ ነው» አሉና በጎን አዩኝ። እናቴ ይህን በስልክ ስትሰማ፣ «የኛማ ሲፈስ አይቆምም!» ብላ ፎከረች። አዲስ አበባ የተላከው የልጄ፣ የእኔና የባለቤቴ የደም ምርመራ ውጤት እስኪመጣ ሁለቱ ቤተሰቦች ሲፎካከሩ ሰነበቱ።

ቶሎ የመርጋቱ ነገር በባለቤቴ ወገን ሆኖ ተገኘ። ከዚያ አማቴ ባለቤቴን የወለዱ ሰሞን አንድ እግራቸው እንደ ትራስ አብጦ እንደነበር ትዝ አላቸው። «ያኔ እኮ ጫማው ጠቦኝ መስሎኝ ነበር» አሉ። ሐኪሟ ያን እብጠት ያመጣው የረጋ ደም ሊሆን እንደሚችል፣ የልጄ ስትሮክ ምክንያት ግን ይህ ብቻ ነው ማለት እንደማይቻል ብትነግራቸውም፣ እሳቸው «ወፍራም ደም ማለት ጠንካራ ደም ነው» እያሉ ለጎረቤት ማውራት ጀመሩ።

ፊዚዮቴራፒ ስንጀምር፣ ቀኟ እንዲሠራ ግራ እጇን ለጥቂት ጊዜ ካልሲ እንድናለብሳት ታዘዝን። አማቴ ይህን ሥራ ማንም እንዲነካባቸው አልፈለጉም። ሱቃቸው ውስጥ አስቀምጠዋት ቁርጥራጭ ጨርቅ ያስይዟታል። ትጥለዋለች፤ ያነሣሉ፤ ደግሞ ትጥለዋለች። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ጎንበስ ብላ «ስታምር!» ስትል፣ ልጄ በቀኝ እጇ የሴትየዋን ሻሽ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ሴትየዋ ልታስለቅቃት ስትታገል አማቴ፣ «እንዳትነኪያት! ተያት፣ ትያዝ!» ብለው ጮኹና እልልታቸውን አቀለጡት። ሴትየዋም እንዳጎነበሰች፣ ነገሩ ሳይገባት አብራ እልል አለች። እኔ ከኋላ ቆሜ እያለቀስኩ ሳቅኩ።

አሁን አራት ዓመት ሆኗታል። ስትሮጥ ቀኝ እግሯ ትንሽ ይጎተታል፤ የልብሷን ቁልፍ መቆለፍ ያበሽቃታል። ቀኝ እጇን «ሰነፏ» ብላ ትጠራታለች። «ሰነፏ፣ ነይ ያዢልኝ!» ትላታለች። ከእኛ አንዱ እጇን እንደዚያ ብሎ ቢጠራት ግን ታኮርፋለች።