ቀለም የማይዋሽ አምፖል

እትዬ ሰዓዳ ካምፓላ ውስጥ፣ ካምዎክያ ገበያ አጠገብ ሻርፕ ይሸጣሉ። ወሎዬ ናቸው፤ ሳቃቸው ከቁመታቸው ይበልጣል። ደንበኛ ሻርፕ ስታነሳ "እዚህ ሆነሽ አትይው" ይሉና እጇን ይዘው በር ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ ያቆሟታል። በጓዳ ብርሃን ጨርቅ መሸጥ እሳቸው ዘንድ ማጭበርበር ነው።

እኔ መርዕድ እባላለሁ፤ ጎረቤታቸውና ፎቶ አንሺ ነኝ። ጎበዝ ነኝ ብዬም አምን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2021 ካምፓላ በኮሮና ምክንያት ለሁለተኛ ጊዜ ስትዘጋ የእትዬ ሰዓዳም ሱቅ ተዘጋ። ቦዳ የሚሉት የሞተር ሳይክል ታክሲ ሰው መጫን ተከልክሎ ዕቃ ብቻ ያመላልስ ጀመር። ሻርፕ የሚሸጠው በዋትስአፕ ፎቶ ሆነ፤ አንሺው ደግሞ እኔ። ደጅ ላይ ጨርቅ መዘርጋት ንግድ ተብሎ ስለሚያስቀጣ ቤት ውስጥ ማንሳት ነበረብኝ፤ የክፍላቸው መስኮት ደግሞ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተፋጠጠ ስለሆነ በቢጫው አምፖል አነሳሁና ቀለሙን በኮምፒውተር አሳመርኩት። ማሳመር ሥራዬ ነው፤ ስንት ሙሽራ አቅልቻለሁ።

አምስት ሻርፖች ሜንጎ ከሚባለው ሰፈር በዚያው ቦዳ ተመልሰው መጡ። ጸሐይነሽ የምትባል ደንበኛ "ያዘዝኩት የሰማይ ቀለም፣ የመጣልኝ አመድ" ብላ ጽፋለች። እትዬ ሰዓዳ በእኔ አላሳበቡም፣ አልተቆጡኝምም። የጎዳኝ እሱ ነው። "በሃያ ዓመት ንግዴ ጨርቅ ሲመለስብኝ ይኼ የመጀመሪያው ነው" ብለው ሻርፖቹን ማጣጠፍ ጀመሩ።

በዚያው ሳምንት ሂንድ የምትባል የኪዋቱሌ ሙሽራ ለራሷና ለእህቶቿ ስድስት ሐምራዊ ሻርፕ ፈለገች። "መጀመሪያ ፎቶውን ልየው፤ የጸሐይነሽን ሰምቻለሁ" አለች። የእሷም ከተመለሰ የእትዬ ሰዓዳ ስም በአበሻው ሁሉ ዘንድ መጥፋቱ ነው።

እኔ የስቱዲዮ መብራት ይገዛ አልኩ። ዋጋውን ስነግራቸው ሳቁ። "በዚያማ ሱቁንም እገዛዋለሁ" አሉና ሐምራዊውን ሻርፕ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ እኔን አስከትለው፣ መንገድ ማዶ እንዲሠራ ወደተፈቀደለት የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ሄዱ።

ባለሱቁን በአገሩ ቋንቋ "ሴቦ"፣ ጌታዬ፣ ብለው "አምፖሎቹን አንድ በአንድ አብራልኝ" አሉት። አምፖል በበራ ቁጥር ሻርፑን ሥሩ ይዘረጋሉ፣ በር ላይ ወጥተው በፀሐይ ያዩታል፣ ይመለሳሉ። አንዱ ቡናማ አደረገው። እኔ "ይኼን ይውሰዱ" ያልኩት በጣም ደማቁ ደግሞ ሐምራዊውን ወደ ሰማያዊ አሸሸው። ከኋላችን የተሰለፉት ሰዎች ማጉረምረማቸውን ትተው መፍረድ ጀመሩ። ስምንተኛው ሲበራ እትዬ ሰዓዳ ወጡ፣ ገቡ፣ ደግመው ወጡ።

"ይኼ አይዋሽም" አሉ።

ካርቶኑን ሳየው ዘጠና አምስት የሚል ቁጥር አለበት። "የፀሐይ ብርሃን መቶ ቢሆን፣ ይኼ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ ነው" ብዬ አስረዳኋቸው።

"ታዲያ ይኼን እያወቅህ ነው ስምንት ጊዜ ያመላለስከኝ?"

ማወቅስ አውቅ ነበር፤ ካርቶን ማንበብ ግን ልማዴ አልነበረም። ዋጋው የሰባት ሮሌክስ ነው፤ ሰዓቱን ሳይሆን ካምፓላ በቻፓቲ ቂጣ ጠቅልላ የምትሸጠውን እንቁላል ማለቴ ነው፤ የሰባት ቀን ቁርስ።

ቤት ስንመለስ መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ቢጫውን አምፖል አጠፋሁ፤ ሁለት ዓይነት ብርሃን ሲደባለቅ ቀለም ይበላሻል። እትዬ ሰዓዳ ሻርፑ አጠገብ ቁራጭ ነጭ አቡጀዲ አስቀመጡ። "ነጩ ነጭ ከሆነ ሌላውም እውነት ነው" አሉ። ካሜራዬን በአቡጀዲው አስተካከልኩ።

"ኮምፒውተሩን እንዳትነካ።"

አልነካሁም፤ እጄን ግን በልቶኛል።

ሂንድ ፎቶውን አይታ አዘዘች። ቦዳው ከሄደ በኋላ እትዬ ሰዓዳ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መልስ ይጠብቁ ጀመር። መልሱ እህቷ ያነሳችው ፎቶ ነበር፦ ሂንድ በር ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ ቆማ ሻርፑን ከስልኳ ምስል ጎን ይዛዋለች። ቀለሙ አንድ ነው። ሥሩ "ሠርጌንም ያው ሰው ያንሳልኝ" ይላል። እትዬ ሰዓዳ እልልታቸውን ሲለቁት ግቢው ሁሉ ተጠራርቶ ወጣ። እኔ ደስታዬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ለሠርጉ ከተፈቀዱት ሃያ ሰዎች አንዱ ሆኜ፣ አምፖሉንና አቡጀዲውን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ፣ ኪዋቱሌ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ተመልሼ ፎቶውን ሳሳያቸው እትዬ ሰዓዳ ሙሽራዋን አለፏት፣ ሙሽራውን አለፉት፣ ሻርፑ ላይ ቆሙ። ከዚያ ተነስተው ስልኬን እንደያዙ በር ላይ ወጡና ፀሐይ ውስጥ አዩት።

"የኔ ልጅ" አሉኝ፣ "ይኼ አይመለስም።"