ሸምሱ የማይወድቅበት ጨዋታ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችን ባለሱቁ አንድ ጆንያ የለስላሳ ቆርኪ ደጃፉ ላይ ሲዘረግፍ ያ ድምፅ ጆሮዬ ገባና እጄ ላይ የነበረውን ሰፌድ አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። እርጅና እንዲህ ነው፤ ሰው ሱቁን ሲጠርግ አንቺ ስንት ዓመት ወደ ኋላ ትሄጃለሽ።

መንግሥት ተለውጦ ወታደሩ በየመንገዱ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰሞን ነው። ታላቅ ወንድሜ ከማል ቡታጅራ አባታችን ቤት ሲገባ እግሩ ደህና፣ እጁ ደህና፣ አንደበቱ ብቻ የለም። ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየን ከጎጃም የመጣ ሳቂታ መምህር ነበር፤ የከማል ዝምታ አላስችል ብሎት በረንዳው ላይ የጦርነት ጨዋታ ፈጠረለት። ለየራሳቸው አንድ አንድ ተዋጊ ያቆማሉ፤ የተዋጊው ነፍስ አንድ እፍኝ ባቄላ ነው። ቆርኪ ይወረውራሉ፤ ጥርሱ ወደ ላይ ከሆነ ምቱ አግኝቷል፣ ያኔ የተመታው በተራው ለጋሻው ይወረውራል፣ ጋሻው ካልያዘለት ከእፍኙ አንድ ባቄላ ይነሳበታል። መምህሩ ተዋጊውን አንበሴ አለው። ከማል «ሸምሱ» አለ። ሽንብራ እየለቀምኩ ሰማሁና ደነገጥኩ።

ሸምሱ ከመስቃን ገጠር አብሮት የዘመተ ጓደኛው ነው። እናቱ በየገበያው ቀን ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ትመጣና «ልጄ ከማል፣ የሰማኸው የለም?» ትለዋለች። እሱ መሬት መሬቱን እያየ «አላህ ያውቃል፣ እናቴ» ይላታል። አልሰማሁም ብሏት አያውቅም።

መጀመሪያ ምቱ ይበረታና ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ አንዱ ያልቃል። ከማል የጋሻውን ሕግ አጠነከረ። ታዲያ እስከ መግሪብ ቢወራወሩ አንድ ባቄላ አልነሳ አለ፤ መምህሩ «አንተ፣ ይሄ ጋሻ ነው የመስጊድ ግድግዳ?» እያለ ይስቃል። እንግዲያው ጋሻ የበሳ ምት ግማሹን እፍኝ ይውሰድ አለ መምህሩ፤ እንግዲያው ምቱ ቶሎ ቶሎ አያግኝ አለ ከማል፤ አንዱን ሲያከብዱ ሌላውን ሲያቀሉ ክረምቱ አለቀ። በመጨረሻ ከማል ጋሻው የከዳው ሰው እስኪይዝለት ይድገም የሚል ሕግ አስገባ። የሸምሱ መውደቅ ቀረ። የአንበሴም ቀረ። ጨዋታው ማለቂያ አጣ፤ ወንድሜ ግን በዚያ በረንዳ ላይ ሲናገር፣ ሲከራከር ስለምሰማው እሰየው እል ነበር።

አንድ የገበያ ቀን የሸምሱ እናት ቆጮዋን ሳታስቀምጥ «የታጨችለትን ልጅ ሌላ ጠየቃት። ላቆያት ወይስ ልልቀቃት?» አለችው። «አላህ ያውቃል» አላት።

እሷ ስትሄድ መምህሩ ጨዋታውን ዘረጋ። ወረወረ፣ አገኘ። የከማል ጋሻ ከዳው። «በል ድገም እንግዲህ፣ ልማድህ ነው!» አለ መምህሩ። ከማል አልደገመም። የሸምሱን ባቄላ በሙሉ አንድ በአንድ አነሳና «ወድቋል» አለ። መምህሩ «ተመስገን! በስንት ጊዜው!» ብሎ አጨብጭቦ የከማልን ፊት ሲያይ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

በነጋታው ከማል በእግሩ ገጠር ወርዶ ለሴትየዋ የልጇን መርዶ ነገራት፤ ለቅሶውንም አብሮ ተቀመጠ። ልጅቷ ተዳረች። መምህሩን ወደ ሌላ አገር አዛወሩት፤ ቤታችንም እንደገና ጭር አለ።

የሸምሱ እናት ከዚያ ወዲያ ደጃችንን አልረገጠችም። የምትጠይቀው ነገር አልነበራትማ። በገበያ ቀን ቆጮዋን ተሸክማ በወዲያኛው ዳር ታልፋለች፤ ከማል ከበረንዳው ብድግ ብሎ ዞር ትል እንደሆነ ያያታል፣ አስፋልቱን እስክትጨርስ።