የቢቸናን ከብት በአንገቱ ያንጠለጠለው ምንይሉ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደወል ሲደወል እጁን ወደ ላይ የማያነሣ ሠራተኛ ካለ ወይ አዲስ ገቢ ነው፣ ወይ ለውጥ የማይዋጥለት አድኃሪ ነው። በ2005 ዓ.ም. ገደማ፣ ቢቸና ላይ፣ በቀንድ ከብት ምዝገባና ክትትል ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሕጉ ይኸው ነበር። ደዋዩ ምንይሉ ነው፤ የጽሕፈት ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ አንገተ ረጅም፣ የሸሚዝ ኪሱ በእስክሪብቶ የተጨናነቀ፣ በአንዱም ሲጽፍ ግን ማንም አይቶት የማያውቅ።

"እጅ ወደ ላይ!" ይላል፣ ድምፁን ከየት እንዳመጣው እንጃ አወፍሮ።

መዝጋቢዎቹ ከኮምፒውተሩ ላይ እጃቸውን ያነሣሉ። ባንቺዓለም የምትባለው አንጋፋዋ መዝጋቢ ቀኝ እጇን ብቻ ታነሣና በግራዋ ሽምብራ ቆሎ ትቆረጥማለች።

"ሁለቱንም፣ እትዬ ባንቺዓለም!"

"በግራዬ ጽፌ አላውቅ፤ ምን ያደርግልሃል?"

"ሳይንስ ግራና ቀኝ አይለይም!"

"እንግዲያው ሳይንስህ ቆሎውን ያጉርሰኛ።"

አንድ ዓርብ አቶ ቢያድግልኝ የሚባሉ ገበሬ ቦራ በሬያቸውን መሸጣቸውን ሊያስመዘግቡ ገቡ። "ቦራው ተሽጧል" ብለው ሳይጨርሱ ደወሉ ጮኸ። ቤቱ በሙሉ እጁን ሰቀለ። አቶ ቢያድግልኝ ግራ ቀኝ አዩና ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከራሳቸው በላይ ከፍ አደረጉ።

"ልጆቼ፣ ሽፍታ ነው ጸሎት?" አሉ በሹክሹክታ።

"ባክአፕ ነው፣ አባ።"

"እግዚአብሔር ያሳልፈው" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወረዳው በሬ፣ ላምና ጥጃ ሁሉ በቀለሙ፣ በቀንዱና በባለቤቱ ስም ተመዝግቦ የሚኖረው ሰርቨር በሚባል አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ሰርቨሩ ለብቻው ክፍል፣ ለብቻው መጋረጃ፣ ለብቻው ቬንትሌተር ተሰጥቶታል፤ መዝጋቢዎቹ ለስድስት በአንድ ወንበር እየተፈራረቁ ይሠራሉ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ፋንታ ታዲያ በአንድ ስብሰባ ላይ ተነሥተው "የኛ ሰርቨር ሥራ ከጀመረ ጀምሮ ለአንዲት ደቂቃ አልተኛም!" አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እንደ አቶ ፋንታ ያለ ሰው አንዴ ከተጨበጨበለት በኋላ የተናገረው ነገር መመሪያ ይሆናል። ሰውየው ከስብሰባ በስተቀር ሌላ ሙያ ኖሯቸው አያውቅም፤ ሲያስነጥሱ እንኳ "በአጽንኦት" ነው የሚያስነጥሱት። ከዚያ ቀን ወዲያ ሰርቨሩን ማጥፋት በሕዝብ ጥቅም ላይ መነሣት ሆነ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ለእሱ ብቻ ይነሣል፤ ሠራተኛው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የሰርቨሩን ንቃት ያዳምጣል።

ምንይሉ ደግሞ በየሳምንቱ የመዝገቡን ፋይሎች መቅዳት፣ በነሱ ቋንቋ ባክአፕ ማድረግ፣ ነበረበት። ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ "እየተሠራበት ያለ የዳታቤዝ ፋይል ዝም ብሎ አይገለበጥም" ማለቱን ያስታውሳል። ቀጥሎ የተባለውን ግን አያስታውስም፤ የሻይ ዕረፍት ተብሎ ስለነበር ልቡ ሳምቡሳው ጋ ሄዷል። እናም በቀረችው ግማሽ ዕውቀት ሙሉ ፈጠራ ፈጠረ። ማሽኑን ማቆም ካልተቻለ ሰውን ማቆም ይቻላል! ሰው እጁን ካነሣ ማን ይጽፋል? ማንም ካልጻፈ ምን ይበላሻል? እጅ ወደ ላይ ተባለ፤ ፋይሉ ከነጓዙ ወደ ፍላሽ ተገለበጠ። ፍላሹን በማተቡ ክር ከመስቀሉ ጎን አንጠልጥሎ ከተማውን ሲያቋርጥ፣ የመላው ወረዳ ከብት ደረቱ ላይ ሲግጥ ይሰማው ነበር።

ቅጂው ከቢቸና ውጭ በሌላ ከተማ ይቀመጥ ተብሏል። ደጀን ቅርብ ናት። ምንይሉ ግን "ደጀን የጭነት መኪና ትርምስ ስላለባት ለመረጃ ደኅንነት አትመችም" ብሎ ተከራከረና ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን እየጠጣ በግንደወይን በኩል ሞጣ ድረስ ይመላለስ ጀመር። ሞጣ ላይ ያለው የመረጃ ደኅንነት ትርሲት ትባላለች። እዚያው የሞጣ አቻ ጽሕፈት ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ የመሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ልጅ። ፍላሹን ትቀበለውና መሳቢያዋ ውስጥ ትጥለዋለች፤ የባለፈውን አራግፋ ትመልስለታለች። ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲቀባበሉ ቆይተው ምንይሉ አንድ ቀን ላብ በላብ ሆኖ "ሽማግሌ ልላክ?" አላት።

"ላክ" አለችው። "መልሱን ያኔ ትሰማለህ።"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምንይሉ በዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ትርሲትን፤ ያውም ቅበላ ሳይገባ፣ የዐቢይ ጾም ሠርጉን ሳያዘገይበት።

ለሽማግሌነት አቶ ፋንታንና የሰፈሩን አዛውንት አቶ ይስማውን ይዞ ሞጣ ገባ። እሱ ራሱ እንደ ወጉ ከአጥር ውጭ ቀረና ጆሮውን ከቆርቆሮው ላይ ለጠፈ። አቶ ፋንታ ሲጀምሩ ሰማ።

"የኔታ፣ ይህ ልጅ ተራ ልጅ አይደለም። የወረዳውን ከብት በሙሉ በአንገቱ ተሸክሞ ነው የሚዞረው።"

"ለዚህ ነዋ አንገቱ የረዘመው" አሉ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል። "ዘመኑ የልጆች ነውና እሷንም እንጠይቅ። ትርሲት! ነይ እስቲ፤ አንቺ ምን ትያለሽ?"

ምንይሉ ጉንጩን ቆርቆሮው ላይ አጥብቆ ጫነ።

"አባዬ፣ ልጁን አልጠላሁትም። ግን ዓመት ሙሉ ከቢቸና ሲያመጣልኝ የከረመው ቅጂ አንዱም ተከፍቶልኝ አያውቅም። ነገርኩት። 'ኔትወርክ ይሆናል' አለኝ። ፍላሽ ነው እኮ፣ አባዬ! ከኔትወርክ ጋር ምን አገናኘው? ሥራውን ሳይፈትሽ ዓመት የሚኮራ ሰው ቤቱንስ እንዴት ይመራል? አንድ ቅጂ ብቻ ይከፈትልኝና እሺ እላለሁ።"

"ይግባ፤ ያን ያንጠለጠለውን ይዞ" አሉ አባቷ።

ምንይሉ በአንድ ጉንጩ ላይ የቆርቆሮ መስመር ታትሞበት ገባ። ፍላሹን ከማተቡ ፈትቶ ሰጣት። ትርሲት ላፕቶፗ ላይ ሰካችው። አልተከፈተም። የፕሮግራሙን መጠገኛ አስነሣች፤ ከብዙ ማጉረምረም በኋላ የተራረፈውን ለቃቅሞ አወጣ። ጮክ ብላ አነበበች።

"ባለቤት፣ አቶ ቢያድግልኝ። እንስሳው፣ በሬ። ቀለም፣ ቦራ። ሁኔታ፣ ተሽጧል፤ ሁለት ጊዜ ወልዷል።"

"ምን አለ?" አሉ መሪጌታ።

"ወልዷል። ቀጥሎ፣ ባለቤት፣ አቶ ፋንታ። ላም፣ ዳለቻ። ተኮላሽታለች።"

አቶ ፋንታ በአጽንኦት አሳላቸው።

"ባለቤት፣ አቶ ይስማው። ላም፣ ጥቁር። ቀንድ፣ ሦስት።"

አቶ ይስማው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። "የኔ ላም? ዛሬ ጠዋት ሳሰማራት ደኅና ነበረች እኮ! ሦስተኛው የት ላይ ነው የበቀለው?"

"ይህ መዝገብ አይደለም፣ ራእይ ነው" አሉ መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው። "ሰማችሁ፣ እኔ ልጄን በሬ ለሚያዋልድ ሰው አልድርም። በሬን ግን አልዘጋሁም። ከቅበላ በፊት የሚከፈት ይዞ ይምጣ።"

ትርሲት እስከ አጥሩ ሸኘችው። ምንይሉ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

"እጅ አስነሥቼ እኮ ነው የቀዳሁት! ማንም አልነካውም!"

"ሰዎቹ እጃቸውን አነሡ። ሰርቨሩስ አነሣ?"

ምንይሉ የራሱን ሁለት እጆች አየ።

"ሰርቨሩ የነገሩትን ሁሉ ወዲያው ፋይሉ ላይ አያሰፍርም። ጥቂቱን ያዝ አድርጎ ያቆይና ሲመቸው ይጽፈዋል። አንተ ከውጭ ፋይሉን ስትገለብጥ እሱ ውስጥ ውስጡን እየጻፈ ነው። የአንዱ ከብት ራስ ከአሮጌው፣ ጭራው ከአዲሱ ይመጣልሃል።"

"ታዲያ ላጥፋው? አቶ ፋንታ ይሰቅሉኛል!"

"ማን አጥፋ አለህ? ራሱን ሰርቨሩን ቅጂ ስጠኝ በለው። ባክአፕ የሚል ትእዛዝ አለው። ሰው እየሠራበትም ቢሆን ቅጂውን አሟልቶ ይሰጥሃል። ከዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተህ እየው።"

"እሱንማ አውቀዋለሁ። የጀማሪ ነው ብዬ ተውኩት እንጂ።"

"አንተ የምን ነህ?"

ወደ ቢቸና ሲመለሱ ምንይሉ ሁሉንም ለአቶ ፋንታ ነገራቸው። እሳቸው መንገዱን ሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ካዳመጡ በኋላ ውሳኔ ሰጡ። ጥፋቱ የሞጣው ላፕቶፕ ነው፤ ግንዛቤ ይጎድለዋል! እንዲያውም እጅ ማንሣቱ በምርጥ ተሞክሮነት ተመርጧል፤ በሚመጣው ዓርብ ከግንደወይንና ከመርጡለ ማርያም ልዑካን መጥተው ይጎበኙታል።

"ልብ አድርግ፣ ምንይሉ። በዚያ ቀን አንዲት እጅ ዝቅ ብትል አንተም ዝቅ ትላለህ።"

ዓርቡ ደረሰ። ቅበላም በር ላይ ነበር። ልዑካኑ ኮፍያና ባጅ ተሰጥቷቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሠራተኛው ልምምድ ሠርቷል፤ ባንቺዓለም እንኳ ለክብረ በዓሉ ብላ ቆሎዋን ቤት ትታ መጥታለች። ምንይሉ ደወሉን አነሣ። ከወዲህ አቶ ፋንታ፣ ከወዲያ የሚወልደው በሬ ታዩት። ደወለ።

"እጅ ወደ ላይ!"

ቤቱ እንደ አንድ ሰው እጁን ሰቀለ። ልዑካኑ አጨበጨቡ። ምንይሉ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እጅ… ወደ ታች! ሥሩ! ጻፉ! እትዬ ባንቺዓለም፣ መዝግቢ!"

"ምን ልመዝግብ?"

"ያገኘሽውን! የአቶ ይስማውን ላም አስወልጃት!"

"ከምኔው አገገመች?" አለች ባንቺዓለም፤ የሦስተኛው ቀንድ ወሬ ቀድሟት ቢቸና ገብቶ ነበርና። ያም ሆኖ ጣቶቿ መጻፍ ጀመሩ። ሌሎቹም እየተገላመጡ ተከተሏት። ምንይሉ መጋረጃውን ገልጦ ገባ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፋይሎቹን ሳይነካ ለሰርቨሩ ያቺን የጀማሪ ትእዛዝ ሰጠው። ሰርቨሩ ሳይጠፋ፣ ሳይኩራራ፣ ሠራተኛው እየጻፈበት ቅጂውን አውጥቶ ሰጠው። ምንይሉ ፍላሹን ይዞ ሲወጣ አቶ ፋንታ ፊታቸው በርበሬ መስሎ ጠበቁት።

"ይህ ምንድን ነው?" አለ ከመርጡለ ማርያም የመጣው ልዑክ። "መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ወደ ታች?"

አቶ ፋንታ ፊታቸውን ወደ ልዑካኑ አዞሩ። ዕድሜ ልኩን ስብሰባ የበላ ሰው አይወድቅም።

"ሁለተኛው ምዕራፍ ነው!" አሉ። "በመጀመሪያው ምዕራፍ እጅ ይነሣል፤ በሁለተኛው ይወርዳል። እኛ ተሸጋግረናል። እናንተ ከመጀመሪያው ጀምሩ።"

ልዑካኑ ማስታወሻቸው ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም ብለው ጻፉ። ምንይሉ አልቆየም። ዓመት ሙሉ የተሳሳተ ሰው በግብዣ አይያዝምና ፍላሹን ጎረቤት ጽሕፈት ቤት ያለ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ፈተሸው፤ በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ሽማግሌዎቹን ጭኖ ሞጣ ወረደ።

በዚህኛው ጊዜ ከአጥር ውጭ አልቀረም፤ መሪጌታ ራሳቸው "ቆርቆሮዬን ሳታጎብጥ ግባ" ብለው ጠሩት። ትርሲት ፍላሹን ሰካች። ገና ማንበብ ሳትጀምር አቶ ፋንታና አቶ ይስማው እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

"እናንተ ምን ሆናችሁ?" አሉ መሪጌታ።

"ለጥንቃቄ ነው" አሉ አቶ ፋንታ። አቶ ይስማው ግን በዚያው እጃቸውን እንደ ሰቀሉ ወደ ትርሲት ዞሩ።

"ልጄ፣ ሌላውን ተይውና የኔን ላም ቀድመሽ እይልኝ። ስንት ቀንድ አላት?"

ትርሲት ፈለገች። አገኘች። ምንይሉ የራሱን ጣቶች ሲቆጥር ነበር።

"ሁለት" አለች፤ ሳቋም አመለጣት። "ጥጃም ወልዳለች ይላል፤ ትናንት።"

"እሱን እኔ ነኝ ያስወለድኳት፤ ለሙከራ ነው" አለ ምንይሉ። "ሰኞ አርመዋለሁ።"

"አታርም! ይሁን!" አሉ አቶ ይስማው።

"የቢያድግልኝስ በሬ?" አሉ መሪጌታ።

"ተሽጧል፣ አባዬ። አልወለደም።"

መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ልጃቸውን አዩ። ልጃቸው ላፕቶፑን ከደነችና አንገቷን ሰበረች፤ ዓይኗ ግን ምንይሉ ላይ ነበር።

"እንግዲህ ሁለቱም በየመልካቸው ከተገኙ እኔም እሺ ብያለሁ" አሉ መሪጌታ። "አንድ ነገር ብቻ፣ ልጄ። መስቀል ካለበት ክር ላይ ያን የከብት በረት ፍታልኝ።"

ምንይሉ ፍላሹን ለትርሲት ሰጣት። እሷም መሳቢያዋ ውስጥ አልጣለችውም፤ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ግንደወይን ላይ ግን እስከ ዛሬ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደወል ሲደወል፣ ሰው እጁን ወደ ላይ ያነሣል ይባላል፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ገና አልደረሳቸውም።